ጆሮሽን ሸፍኚ

ተቀምጣ ምሳ ስትበላ አይቻት አላውቅም። ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ የሽመና ክፍል፣ ጎን ለጎን በቆሙ ማሽኖች ላይ ሠርተናል፤ ዳቦዋን በግራ እጇ ይዛ፣ በቀኟ የማሽኑን ብረት እየዳበሰች፣ ቆማ ነው የምትጎርሰው። ካቦው፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ወንበር ይነክሳል እንዴ?» ይላታል። «አይ አለቃ፤ እኔ የተቀመጥኩ ቀን ነገር ይነሣል» ትለዋለች። እንስቃለን። ሽቦ ብለን ስም ያወጣንላት እኛ ነን፤ ቀጭን ናት፣ ትጎብጣለች እንጂ አትሰበርም ብለን። ስም በማውጣት ማንም አይችለንም።

አንድ ጊዜ ቢሮው «ታታሪ ሠራተኛ» ብሎ ፎቶዋን መግቢያው ላይ ለጠፈው። ከሥሩ «ብዙ ፈተና አልፋ ለዚህ የበቃች» ይላል። ፈተናው ምን እንደነበረ፣ ፈታኙ ማን እንደነበረ፣ እሷ ስትፈተን ሌላው ሰው ምን ይሠራ እንደነበር አልተጻፈም። ደስ ሲል! ዝናብ አምጥቶት ነፋስ የወሰደው ይመስል። እንግዲህ እኔ እጽፈዋለሁ፤ ቅር የሚለው ይበለው።

ያደግነው በፋብሪካው የሠራተኞች መኖሪያ ነው። እንደ ባቡር ፉርጎ የተቀጣጠሉ አሥራ ሁለት ክፍሎች፣ በመሃላቸው ግድግዳ ተብሎ የቆመ ኮምፔርሳቶ። ጎረቤት ሲያስነጥስ «ይማርህ» የምንለው ከአልጋችን ሳንነሣ ነበር። የእኛና የእነሱ ክፍል አንድ ኮምፔርሳቶ ይጋራል። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ «አልሰማንም» ማለት አይቻልም። ብለናል ግን።

አባቷ የማሽን መካኒክ ነበር፤ ከእሱ የተሻለ እጅ የለም ይባልለታል። የቆመ ማሽን ሥር ተንበርክኮ፣ መፍቻውን እንደ ሻይ ማንኪያ በሁለት ጣት ይዞ፣ «እሺ የኔ ቆንጆ፣ የት ጋ ነው ያመመሽ?» እያለ ብረቱን ሲያባብል የሰማ ሁሉ ይወደዋል። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ የጠዋቱ ፈረቃ ሲወጣ፣ ሰፈሩ መግቢያ ላይ ቆሞ ለልጆች ከረሜላ ያድላል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደግሞ ከበሩ ጀርባ ሚስማር ላይ የተሰቀለችውን ቺንግያ ያወርዳል፤ ከአሮጌ ማሽን ላይ የወለቀች፣ ስፋቷ ሦስት ጣት የሚሆን የጎማ ቀበቶ ናት።

ምክንያት ይፈልጋል እንጂ ምክንያት አያስፈልገውም ነበር። ብርጭቆ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ጫማ ተገልብጦ ተገኘ። ሽቦ ሳቀች። ሽቦ ሳትስቅ ቀረች። እናቷ ክር ማጠንጠኛ ክፍል ነበር የምትሠራው፤ ጩኸቱ ሲጀምር ቅርጫት ይዛ ትወጣና ከገመድ ላይ ልብስ ታወርዳለች። የደረቀውንም፣ ያልደረቀውንም። ውኃ የሚንጠባጠብ አንሶላ ታቅፋ ጓሮ ቆማ አይቻታለሁ፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ።

እኛስ? እኛ ሬዲዮ ከፍ እናደርጋለን። በየክፍሉ ሬዲዮ በአንድ ጊዜ ከፍ ይላል፤ ነገሩን የማያውቅ መንገደኛ ሰፈሩ ዘፈን ወዳድ ነው ብሎ ያልፋል። ጩኸቱ ሲበርድ ደግሞ መተዛዘኑን እናውቅበታለን። «ምን ይደረግ፣ አባት ነው፣ ይቆጣል።» «የሰው ቤት ነው።» «ነገ እኮ ራሱ ያቅፋታል።» እውነት ነው፣ ያቅፋት ነበር። በማግስቱ ትከሻው ላይ አድርጓት ሱቅ ይሄዳል። ይህን እንደ ማስረጃ ስንቆጥረው ኖርን። ይህን ሲያነብ ዛሬም «አየሽ፣ ይወዳት ነበር እኮ» የሚል ሰው አለ። አውቅሃለሁ። ጎረቤቴ ነህ።

የግራ ጆሮዋ መስማት ሲያቆም አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። ቺንግያዋን እንኳ አላነሣም፤ በመዳፉ ነው። እናቷ በነጠላ ጫማ እየሮጠች ክሊኒክ ወሰደቻት። ነርሷ፣ «ምን ሆና ነው?» አለች። እናቷ፣ «ከደረጃ ወድቃ» አለች። ነርሷ «ከደረጃ ወድቃ» ብላ ጻፈች። በእኛ ሰፈር ደረጃ የሚባል ነገር የለም። አሥራ ሁለቱም ክፍል መሬት ላይ ነው የተቀመጠው። ፋብሪካውም ፎቅ የለውም። ነርሷ ደግሞ የምትኖረው አራተኛው ክፍል ነበር።

ሽቦ ከዚያ ወዲያ ሰው አልጠበቀችም። ታናሽ ወንድሟ አምስት ዓመቱ ነው፤ ተራው እየደረሰ መሆኑ ገብቷታል። ጓሮ ወስዳ አሠለጠነችው። ጥግ ያዝ። ጀርባህን ለግድግዳ ስጥ። አገጭህን ደረትህ ላይ። ሁለቱን ክርንህን ግጠም፤ መዳፍህን ጆሮህ ላይ። «ፊትህን ተወው» ትለዋለች፤ «ፊት ይድናል፣ ጆሮ አይድንም። ጆሮህን ሸፍን።» ጨዋታ አስመሰለችለት። ሳያስበው «ዝናብ!» ብላ ትጮሃለች፤ ሮጦ ጥጉን ይይዛል። ቶሎ ከያዘ የከረሜላዋን ግማሽ ትሰጠዋለች፤ ያንኑ አባቷ ያደለውን ከረሜላ። ልጁ እየተንከተከተ ይስቃል። እኔና የሰፈሩ ልጆችም አብረናቸው ተጫውተናል። ማን ቶሎ እንደሚይዝ እንወራረድ ነበር።

በአሥራ ሰባት ዓመቷ፣ አሥራ ስምንት ሞልቶኛል ብላ ዋሽታ ሽመና ክፍል ገባች። አባቷ የጠዋት ሲሆን እሷ የከሰዓት ፈረቃ ወሰደች፤ ከሁለት ሴቶች ጋር ሆና ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ አንድ ክፍል ተከራየች። የወጣች ዕለት ወንድሟ በር ላይ ቆሞ፣ «እኔስ?» አላት። አሥራ አንድ ዓመቱ ነበር። «ለሁለት ወር ነው። መጥቼ እወስድሃለሁ።» ሁለቱ ወር አራት ዓመት ሆነ። አከራይዋ ወንድ ልጅ አላስገባም አለች፤ ከዚያ ፈረቃ፤ ከዚያ ሌላ ነገር። እውነቱን ራሷ ናት የነገረችኝ። «ምክንያቱ ሁሉ ውሸት አልነበረም። ግን ያን በር ማየት ፈራሁ። እግሬ አልሄድልሽ አለኝ።»

በአራተኛው ዓመት አባቷ ሞተ። ሳንባው ነው፤ የጥጥ ብናኝ ሲውጥ የኖረ ሳንባ። ቀብሩ ላይ ፋብሪካው በሙሉ ተላቀሰ። እሷ አላለቀሰችም። «ምን ዓይነት ድንጋይ ልብ ናት!» ተባለ። ስንት ዓመት ሙሉ ሬዲዮ ሲያስጮህ የኖረ ሰው ያን ቀን እንባ ተቆጣጣሪ ሆኖ አረፈው።

አደገች እንግዲህ፣ ማደግ ከተባለ። ከሥራ ስትወጣ አውቶቡስ ቆማ አትጠብቅም፤ እስከሚቀጥለው ፌርማታ በእግሯ ትሄዳለች፣ እዚያም ካልደረሰ ሌላ ትጨምራለች፤ እንዲህ እያለች ቤቷ ትደርሳለች፤ አውቶቡሱ ከኋላዋ ባዶውን ይመጣል። እሑድ እሑድ አንዱኑ መስኮት ሁለት ጊዜ ትወለውላለች። ሲኒማ ይዘናት ብንገባ መሃል ላይ ተነሥታ በር ላይ ቆማ ነው የምታየው። «ምን ያቁነጠንጥሻል?» ስንላት፣ «የሚመጣውን ቀድሜ ላየው ነዋ!» ትለናለች።

አንድ ቀን አንዲት አዲስ ሠልጣኝ፣ ማሽኑ ሳይቆም የተበጠሰ ክር ላውጣ ብላ ጣቷን ልታስገባ ስትል፣ ሽቦ የልጅቱን እጅ በመዳፏ መታችው። ጣት አተረፈች። ሁላችንም «እሰይ!» አልን። እሷ ግን ፊቷ ዐመድ መሰለ፤ ሦስት ቀን ከሥራ ቀረች። ልጠይቃት ስሄድ እጆቿን ብብቷ ሥር ወሽቃ ክፍሏ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ትላለች።

«ጣቷን እኮ ነው ያተረፍሽላት» አልኳት።

«ሳላስብ ነው የመታኋት። ገባሽ? ማሰብ የሚባል ነገር መሃል ላይ አልነበረም። እጄ ራሱ ሄደ።»

የመጋዘኑ ሠራተኛ፣ ደግ ሰው፣ «ላግባሽ» ሲላት የጠየቀችው አንድ ነገር ነው። «ልጅ ትፈልጋለህ?» «እንዴታ!» «እንግዲያው ሌላ ፈልግ።» ፈለገ፤ አገኘም። «ሦስት ወለደ» ትለናለች እየሳቀች፤ «ሦስቱም ሁለት ሁለት ጆሮ አላቸው።» እንዲህ ያለ ቀልድ ስትቀልድ የት እንደምንገባ ይጠፋናል።

ባለፈው ዓመት ወንድሟ ልጁን ይዞ መጣ። እሱ አሁን የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ሳቂታ፣ ጨዋታ አዋቂ፣ በገባበት ቤት ሁሉ ወንበር የሚሳብለት። ሚስቱ ትታው ሌላ ከተማ ከሄደች ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ ልጁን ከእናቱ ጋር ሆኖ ነው የሚያሳድገው። አሁን እናቱ የዓይን ሞራ ልትገፈፍ ሆስፒታል ልትገባ ነው። «እታለም፣ አሥር ቀን ብቻ ያዥልኝ» አላት፤ «እኔ እንደምታውቂው መንገድ ላይ ነኝ።» ሽቦ አልችልም ልትል አፏን ከፍታ ነበር። ከዚያ ልጅቱን አየቻት። ሚጣ ነው የሚሏት፤ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋለች። ጫማዋን በር ላይ አውልቃ፣ ጫፍ ለጫፍ ገጥማ አስቀምጣለች።

ሚጣን ያየ ሁሉ አደነቀ። ውኃ ለመጠጣት ታስፈቅዳለች። ብርጭቆዋን ከጠረጴዛው ጠርዝ በስንዝር አርቃ ታስቀምጣለች። ስትስቅ አፏን ትይዛለች። «እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ!» አልን። «ምነው የእኔዎቹ እንዲህ በሆኑ» ያለችም ነበረች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ሰው እየተከታተለ ካላስፈራራው በቀር ልጅ እንዲህ እንደማይሆን፣ ልጅ ማለት ቁልቁል የሚፈስ ውኃ መሆኑን፣ ወልደን ያሳደግን ሰዎች መሆናችንን ሁሉ ረስተን አደነቅን።

አሁን ስለ ሥራችን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሽመና ክፍል ውስጥ አፍ አይሠራም። መቶ ሃያ ማሽን ሲያጓራ፣ ጮኸሽ ብትሞቺ የሚሰማሽ የለም፤ የምንነጋገረው በእጅ ነው። አፍንጫ መንካት፣ ካቦው መጣ። ቡጢ ማዞር፣ መካኒክ ጥሩልኝ። ክንድን ቀጥ አድርጎ ሰቅሎ መዳፍን መዘርጋት፣ ወደ እኔ ነይ። ይህ ልማድ ደግሞ ፋብሪካው በር ላይ አይቀርም። የሽመና ሰው ገበያ መሃልም፣ ሆስፒታል ውስጥም፣ ሰው የሚጠራው ክንዱን ሰቅሎ ነው። ፖሊስ አስቁሞን ያውቃል።

በሦስተኛው ቀን፣ ያን ሳምንት የጠዋት ፈረቃ የነበረችው ሽቦ ከሥራ ስትመለስ ሚጣ ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ ሥር ሳህን ታጥባለች፤ ውኃው ይንፎለፎላል። ሽቦ ትኩስ ዳቦ ገዝታ ነበር። በሩ ላይ እንደ ቆመች፣ እንደ ልማዷ፣ ክንዷን ሰቀለች። ነይ፣ ዳቦ አለ ማለቷ ነው።

ልጅቱ ሳህኑን ቀስ ብላ አስቀመጠች። ወደ ግቢው ጥግ ሄደች። ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጠች። አገጯን ደረቷ ላይ አደረገች፤ ሁለቱን ክርኗን ገጠመች፤ መዳፎቿን ጆሮዋ ላይ። አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። እንደ ሥራ ነው የሠራችው።

«ክንዴን አየር ላይ ረሳሁት» አለችኝ ሽቦ ኋላ ስትነግረኝ። ስታስታውሰው ቀስ ብላ አወረደችው። ዳቦውን አስቀመጠች። ከዚያ ያቺ ሃያ ሁለት ዓመት ቆማ የበላች ሴት መሬት ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች።

«ሚጣዬ፣ ማን ነው ይህን ያስተማረሽ?»

ሚጣ ክርኗን ይበልጥ ገጠመች።

«አያትሽ ናት?»

ልጅቱ ራሷን ወዘወዘች።

«ማን ነው ታዲያ፣ የኔ እናት?»

«አባዬ።»

«ምን ብሎ?»

ሚጣ አንድ መዳፏን ከጆሮዋ ላይ አነሣች፤ አንዱን ብቻ። «ሳይናደድ ነው ያስተማረኝ» አለች፣ አባቷ እንዳይታማባት። «አልጋዬ ላይ ቁጭ ብሎ። ስናደድ እንዲህ ሁኚ፣ ፊትሽን ተዪው፣ ጆሮሽን ሸፍኚ አለኝ። ቶሎ ካደረግሁ ከረሜላ ይሰጠኛል።»

በማግስቱ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ይህን ነገረችኝ፤ እኔም አፌን ከፍቼ ያልኩትን እነሆ ሳልቀንስ እጽፈዋለሁ። «ወንድምሽ እኮ ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም። ቀስ ብለሽ አነጋግሪው፣ ነገሩን አታግንኚው» አልኳት።

«ሬዲዮሽን ክፈቺ» አለችኝ።

ደነገጥኩ። «ምን አጠፋሁ?»

«ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ አንቺ ደግሞ አብረሽ ተጫውተሻል። አሥር ቀን ነው የተሰጠኝ፤ ሦስቱ ሄደ። ያቺ ልጅ እዚያ ቤት አትመለስም። ሌላ ምክር ከሌለሽ ማሽኔን ያዢልኝ።»

ያዝኩላት። በእኔና በእሷ ማሽኖች መሃል እንደ ውሻ ስሮጥ ዋልኩ። ሲያንሰኝ ነው።

የልጆች ጉዳይ የሚታይበት ቢሮ ሄደች። ጸሐፊው ወጣት ነው፤ ትሑት፣ ሸሚዙ የተተኮሰ።

«ልጅቱ ምልክት አላት?»

«የምን ምልክት?»

«ያበጠ፣ የበለዘ፤ ፎቶ ቢኖር ደግሞ…»

«የለም። ትሸፍናለቻ!»

«እንግዲህ ካልታየ እኛ…»

«ክንድ ባየች ቁጥር ጥግ ገብታ ጆሮዋን ትይዛለች። ይህ አይታይም?»

«እሱ ጠባይ ነው፤ ምልክት አይባልም» አለ። ጸጸተው መሰል፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሙኝ፣ አባትየው ቀርቦ ልጄ እህቴ ዘንድ ትኑር ብሎ ከፈረመ በግማሽ ሰዓት እንጨርሳለን። ካልፈረመ ግን ዓመትም አይበቃን።»

ነገሩ ሁሉ አንድ ፊርማ ላይ ተንጠለጠለ። የቀሩትን ቀናት እንዴት እንዳሳለፈች እኔ ነኝ የማውቀው። ክር ትቀጥልና መቀጠሏን ትረሳለች፤ የሌላ ሰው ማሽን ታቆማለች። በእግሯ ቤቷ ትደርስና በሩን ሳትከፍት መጀመሪያ በመስኮት ታያለች። እጇን ከሽርጥ ኪሷ አታወጣም።

እሑድ ወንድምየው እናቱን ደግፎ መጣ። የእናትየው አንድ ዓይን በፋሻ ታሽጓል። ሚጣን የእኔ ትልቋ ልጅ ሱቅ ይዛት ሄዳለች፤ እኔን ሽቦ «ነይና ስሚ» ብላኝ ጥግ ቁጭ ብያለሁ።

«ሚጣስ? ዕቃዋን ሰብስባለች?» አለ፣ ገና ሳይገባ፣ እየሳቀ።

«አትሄድም» አለች ሽቦ።

«እንዴት አትሄድም?»

«እዚሁ ትኖራለች፤ እዚሁ ትማራለች። ነገ ቢሮ ሄደን ትፈርምልኛለህ።»

ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ፤ እሱ ግን ሄዷል። «እታለም፣ ቀልዱን ተዪው። መኪናው መንገድ ዘግቶብኛል።»

«ክንዴን ሳነሣ ጥግ ያዘች።»

እናቱ ቀደመችው። «ልጅ ካልተቆጡት ምን ሊሆን ነው? አንቺ ወልደሽ አታውቂ፣ ስለ ልጅ ምን ታውቂያለሽ?»

«አንቺ ወልደሽ ምን አወቅሽ፣ እማዬ?»

«አፍሽን ያዢ! እናትሽ ነኝ!»

«ነሽ። የታሸገው አንዱ ዓይንሽ ነው፤ በሌላው ምን አየሽ? ሁለቱም ደህና በነበሩ ጊዜስ?»

የአሮጊቷ ጣቶች የፋሻውን ጠርዝ መነካካት ጀመሩ። «የት ልሂድ ነበር?» አለች። «እስቲ ንገሪኝ። ሁለት ልጅ ይዤ የት ልሂድ ነበር?»

እዚያ ረጅም ቤት ውስጥ ሌሎች አሥራ አንድ በሮች ነበሩ፤ አንዱ የእናቴ ነው። አንዱም ተከፍቶ «ወደዚህ ግቢ» ያላት የለም። ይህን ተነሥቼ መናገር ነበረብኝ፤ ጉሮሮዬን ጠረግሁና ተውኩት።

ወንድምየው ግን ተነሣ። «አንቺ ነሽ ይህን የምትይን? አንቺ? ሁለት ወር ብለሽ የሄድሽው? አራት ዓመት፣ እታለም! አንቺ ስትወጪ ለሁለት ይደርስ የነበረው ለአንድ ሆነ። በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሩን አያለሁ፤ ዛሬ ትመጣለች፣ ዛሬ ትመጣለች! ምን ተረፈኝ? ያ ያስተማርሽኝ ነገር ብቻ!»

እንዲህ ይጮሃል፤ ድምፁ እንደ አባቱ ነው። ሽቦ አልተንቀሳቀሰችም። ሲጨርስ፣ «እውነትህን ነው» አለችው። «ፈርቼ ትቼህ ሄጃለሁ። ለዚህ ይቅር በለኝ አልልህም። አሁን ግን ለልጅህ ያሳየሃትን ለእኔ አሳየኝ።»

«ምኑን?»

«እንዴት ሁኚ እንዳልካት። ጥግ ያዝና አሳየኝ።»

እንደ ቀልድ እጁን አነሣ። ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። ያን የሚያህል መኪና የሚያዞሩ እጆች ከትከሻው በላይ መውጣት አቃታቸው።

«እንዳትጎዳ ብዬ ነው» አለ።

«ከማን?»

«ዝም በል አንተ!» አለችው እናቱ።

«እንዳትጎዳብኝ ነው እኮ፣ እታለም…»

«ከማን?»

«ከእኔ» አለ።

አላቀፈችውም። ያቀፈችው መስሏችሁ ከሆነ ሌላ ታሪክ ፈልጉ። ውኃ ቀድታ ሰጠችው፤ እስኪጠጣ ጠበቀችው፤ «ነገ ሦስት ሰዓት ላይ፣ እንዳታረፍድ» አለችው።

ሰኞ መጣ። መኪናውን መንገድ ዳር አቁሞ፣ የአደጋ መብራቱን እያብለጨለጨ ትቶ ገባ፤ ቶሎ ሊወጣ ነው ሐሳቡ። ቅጹ ላይ «ምክንያት» የሚል መስመር አለ። ጸሐፊው በጣቱ እያሳየ፣ «እዚህ ጋ በሥራ ጸባይ ምክንያት ይበሉ፤ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው» አለው። ወንድምየው እስክሪብቶውን ያዘ።

«በሥራ ምክንያት አይደለም» አለች ሽቦ።

«ዋናው ነገር ልጅቱ እርስዎ ጋ መቆየቷ አይደለም እንዴ?» አለ ጸሐፊው።

«ዛሬ ሥራ ብሎ ይፈርምና የዛሬ ወር ሥራ ቀይሬያለሁ፣ ልጄን ስጡኝ ብሎ ሲመጣ ምን ብለው ይመልሱታል?»

ጸሐፊው ጣቱን ከመስመሩ ላይ አነሣ። ወንድምየው ወረቀቱ ላይ አጎነበሰ፤ ከውጭ መኪናው የዘጋበት ሰው ጥሩንባ ይነፋል። ከዚያ አንድ ቃል ጻፈ፦ «እመታታለሁ»። ፈረመ።

ጸሐፊው ወረቀቱን ወደ ራሱ አዞረና ዓይኑ ፈጠጠ። «እንዲህ ተብሎ አይጻፍም እኮ!»

«ተጻፈ እኮ» አለችው ሽቦ። «ማኅተም አድርጉበት።»

ሰው ምን አለ? «አባትና ልጅ ለየች።» «የራሷ ስለሌላት የሰው ወሰደች።» «ወንድሟን በመንግሥት ወረቀት አሰደበችው።» ይበሉ። እሱ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል፤ ግቢ ውስጥ ከልጁ ጋር ይጫወታሉ፤ ሽቦ እዚያው ትቆማለች፣ ለሻይ እንኳ አትገባም። ሳይመጣ የሚቀርበት ቅዳሜም አለ። እናትየው እግሯን አንሥታ አታውቅም። ሁሉም ታረቀ ብዬ አልዋሻችሁም።

ሚጣ ለወራት ያንኑ ጨዋ ልጅ ሆና ቆየች፤ ሽቦም ያንኑ በመስኮት አይታ የምትገባ። ክንድ መስቀሉን ትታዋለች፤ ልጅቱን ስትፈልግ አጠገቧ ድረስ ሄዳ፣ ጎንበስ ብላ ነው የምትጠራት።

ባለፈው ሰኞ ታዲያ ሽቦ ለከሰዓቱ ፈረቃ አንድ ሰዓት ቀድማ፣ ፊቷ ቀልቶ፣ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ገባች።

«በሩን ዘጋችብኝ!» አለች።

«ማን?»

«ሚጣ ናታ! ትናንት። ጓደኛዋ ቤት ልሂድ አለች፤ የቤት ሥራሽን ጨርሺ አልኳት። አልጨርስም አለች። ሰማችሁ? አልጨርስም! አንቺ እናቴ አይደለሽም ብላ ቦርሳዋን ወረወረች። ከዚያ በሩን ድርግም! የግድግዳው ሰዓት ወርዶ ተከሰከሰ።»

«እና ምን አደረግሽ?» አልናት።

«ምን ላድርግ? እጄን ኪሴ ከትቼ በሩ ላይ ቆምኩ። ከውስጥ ስትራገም እሰማታለሁ። ኋላ ወጥታ ራቷን በላች፤ ጠዋትም ዳቦዋን ይዛ ሄደች፤ እስካሁን አላናገረችኝም።» ኮቷን አወለቀች፣ መልሳ ለበሰችው። «እናንተ ወልዳችኋል፤ ንገሩኝ። ልጅ በር ሲዘጋ ምን ይደረጋል? ዛሬ ማታ ስገባ ምን ልበላት?»

አምስት እናቶች ነበርን። ተያየን። አንዷ፣ «እኔ ብሆንማ…» ብላ ጀመረችና አቋረጠችው። ሌላዋ፣ «ጠብቂያት» አለች።

«እስከ መቼ?»

«እስክታናግርሽ።»

«ካናገረችኝስ በኋላ?»

የፈረቃው ጥሩንባ ጮኸ። ማንም አልተነሣም። ካቦው በሩን በርግዶ፣ «ምን ሆናችኋል እናንተ፣ ጆሮ የላችሁም?» አለን።

«ቆይ እንጂ አለቃ» አልነው፤ «እያሰብን ነው።»